የጋሽ ኸሊፋ ሽማግሌዎችና የአሠሪዎቹ ማኅበር

ጋሽ ኸሊፋ ኦስሎ ውስጥ ሄልስፊር ከሚባለው የአውቶቡስ ማቆሚያ ቆመው ሽማግሌዎቻቸውን ሲጠብቁ፣ ከቢሮ ሕንፃዎቹ መካከል ወጥታ ወደ ባቡሩ የምትጣደፍ ልጅ አዩ። የጎረቤታቸው የሰሊማ ልጅ ሰሚያ ናት። ሃውገሩድ በሚባለው ሰፈራቸው በአንድ ደረጃ ስትወጣ ስትወርድ እያዩዋት ያደገች፣ ሕግ ተምራ እዚሁ ሄልስፊር የመርከብና የወደብ አሠሪዎች ማኅበር ውስጥ በአማካሪነት የተቀጠረች ልጅ ናት። እሷም አየቻቸውና ባቡሩን ትታ መጣች።

«አሰላሙ አለይኩም ጋሼ። ምነው እንዲህ ለብሰህ? ሠርግ አለ እንዴ?»

ተወልዳ ያደገችው እዚሁ ነውና «አንቱ» ማለት አይሆንላትም። ጋሽ ኸሊፋ ቀድሞ ቅር ይላቸው ነበር፤ ኋላ ትተውታል። በዚያን ዕለት ደግሞ ከዚያ የባሰ ነገር ነበረባቸው።

«ሠርግስ በሆነ ልጄ። ሽማግሌ ይዤ እንዳሻው ቤት ልሄድ ነው» አሉ።

እንዳሻው ማን እንደሆነ ልንገራችሁ። ጋሽ ኸሊፋ ከወሎ መጥተው በኦስሎ ወደብ ዐሥራ ሦስት ዓመት ተቀጥረው ሲሠሩ፣ ከጎናቸው ያልተለየ ሰው እሱ ነው። ከስድስት ዓመት በፊት በመርከብ ላይ ኮንቴይነር የሚያስርና የሚፈታ የራሳቸውን ትንሽ ድርጅት ሲያቋቁሙም መጀመሪያ የቀጠሩት እሱን ነው። ዛሬ ሰባት ሠራተኛ አላቸው፤ ማለቴ ስድስት። ከሦስት ሳምንት በፊት ኃይለኛ ንፋስ በነበረበት ቀን እንዳሻው ኮንቴይነሮቹን ቀና ብሎ አይቶ «ዛሬ እዚያ ላይ አልወጣም» አለ። የመርከቡ ወኪል እታች ቆሞ ሰዓቱን ይመለከታል። ጋሽ ኸሊፋ ደማቸው ፈላና «እንግዲያው ነገም አትምጣ» አሉ። እንዳሻው የራስ መከላከያውን አውልቆ መሬት ላይ አስቀመጠና ሄደ፤ ከእሱ በኋላ ሌሎቹም አልወጡም። ከዚያ ወዲህ የመጣው ከሠራተኞች ማኅበሩ የተጻፈ ደብዳቤ ብቻ ነው።

ሰሚያ ይህን ሁሉ ሰምታ ፊቷ ተለወጠ።

«ደብዳቤው ከደረሰህ ስንት ቀን ሆነው?»

«ስምንት ቀን። ግን ደብዳቤ ምን ያደርጋል? እኔና እሱ በወረቀት የምንነጋገር ሰዎች ነን? አቶ መክብብና አቶ ፍቅረሰላም አሁን በዐሥራ አንድ ሰዓቱ አውቶቡስ ይመጣሉ። ቤቱ እንገባለን፣ እንለምነዋለን፣ ደብዳቤውን ያነሳል፣ ሰኞ ሥራ ይገባል። አለቀ።»

«ለቢሮ ነግረሃል?»

«የምን ቢሮ?»

«ለኛ ነዋ ጋሼ። አንተኮ አባላችን ነህ።»

እውነቷን ነው። ከሁለት ዓመት በፊት የወደቡ ሥራ ሲሰጣቸው አባል መሆን ያስፈልጋል ተብለው ፈርመዋል። ከዚያ ወዲህ ከማኅበሩ የሚላክላቸውን መልእክት አንዱንም ከፍተው አያውቁም። ይህ የጋሽ ኸሊፋ ብቻ ጥፋት እንዳይመስላችሁ፤ ብዙዎቻችን ፊርማችንን ጣል አድርገን የፈረምንበትን ነገር እንረሳለን፤ ከዚያም ማንም አልደረሰልኝም ብለን እናማርራለን።

«እሱ የባለ መርከቦች ማኅበር ነው» አሉ ጋሽ ኸሊፋ። «ሃምሳ መርከብ ካለው ሰው አጠገብ ተቀምጬ ምን ልናገር ነው? ደግሞስ ጠበቃ ይዤ እንዳሻው ፊት ልቁም? ዐይን ለዐይን እንዴት እንተያያለን? እኛ ስንጣላ ሽማግሌ እናስገባለን። ሌላ አናውቅም።»

«ሽማግሌውን አልጠላሁም። ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ። አቶ መክብብ የማን ወዳጅ ናቸው?»

«የኔ።»

«አቶ ፍቅረሰላምስ?»

«እሳቸውም የኔው ናቸው።»

«እናቴ ስትነግረኝ እናንተ አገር ሽማግሌ ከሁለቱም ወገን ነው የሚቀመጠው። አንተ ግን ሁለቱንም ከራስህ ወገን ነው የያዝከው። የጋሽ እንዳሻው ሚስት ጸዳለ በሩን ስትከፍት ሦስት ትልልቅ ሰዎች ታያለች፤ አንዱ የባሏ አሠሪ። ጋሽ እንዳሻው ሚስቱና ልጆቹ እያዩት ምን ይላል? እሺ ይላል። ሽበታችሁን አፍሮ እሺ ይላል። ታዲያ ይሄ ዕርቅ ነው?»

«እንዳሻው እንደዚያ አያስብም» አሉ፤ ድምፃቸው ግን እንደ ቅድሙ አልነበረም።

«እሱ ባያስብ የሠራተኞች ማኅበሩ ያስባል። ሰውየው አቤት ባለ በሳምንቱ አሠሪው ሰው ሰብስቦ ቤቱ ሄደ ቢባል እዚህ አገር ማስፈራራት ነው የሚሉት። አንተ ልትለምን ሄደህ ልታስፈራራ የሄድክ ትሆናለህ። ደግሞ እዚህ በቃል ማባረር የለም፤ መጀመሪያ ጠርተህ ታነጋግረዋለህ፣ ከዚያ ውሳኔህን በጽሑፍ ትሰጣለህ። ያንን አላደረግክም። አሁን ደግሞ ስብሰባ ጠይቀውሃል፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ መቀመጥ ግዴታህ ነው። ስምንቱ ቀን አልፏል።»

«እና ማኅበራችሁ እኔን ነጻ ሊያወጣ ነው?»

«ናይ፣ አይደለም ጋሼ። መጀመሪያ ተሳስተሃል ነው የሚልህ። የአሠሪ ማኅበር ማለት አሠሪው ያደረገውን ሁሉ ትክክል ነው የሚል ማለት አይደለም። ሕጉን ይነግርሃል፣ ስብሰባው ላይ አጠገብህ ይቀመጣል፣ በንዴት የማይሆን ቃል እንዳትናገር ይይዝሃል። በዚያ በኩል ደግሞ ለጋሽ እንዳሻው የሚናገርለት የራሱ ሰው አለው። ከሁለቱም ወገን ማለት ይሄ ነው።»

ጋሽ ኸሊፋ ነገሩን ወደ ሌላ አዞሩት። «ባለ መርከቦቹስ? እነሱ ናቸው ያጣሉን። ያ ወኪል ሰዓቱን እያየ ባይቆምብኝ ኖሮ እንዳሻውን ክፉ እናገረው ነበር? ወላሂ አልናገረውም ነበር። ዞሮ ዞሮ እነሱም የዚሁ ማኅበር አባል ናቸው።»

«ያ፣ አዎ ናቸው። አልዋሽህም፣ ትልልቆቹ ሲናገሩ ድምፃቸው ይጎላል። ግን ማኅበሩ የክርክር ሰው ብቻ አይደለም። ስለ ሥራ ሰዓት፣ ስለ ዕረፍት፣ ስለ ሥልጠና ከሠራተኞቹ ጋር የሚፈረመውን ስምምነት በአሠሪዎች ስም የሚደራደረው እሱ ነው። መንግሥት ስለ ወደብ ደንብ ሲያወጣም የሥራው ሰዎች ምን ይላሉ ብሎ የሚጠይቀው እሱን ነው። እኛ ደግሞ አባሎቻችንን እንጠይቃለን።»

ስልኳን አወጣችና አንድ መልእክት ፈልጋ አሳየቻቸው። ባለፈው መኸር ለአባላት በሙሉ የተላከ ነው። ጋሽ ኸሊፋ መነጽራቸውን አድርገው ኖርዌጂያንኛውን ቀስ ብለው አነበቡት። ንፋሱ በሰከንድ ስንት ሜትር ሲደርስ ነው በኮንቴይነር ላይ የሚሠራ ሰው መውረድ ያለበት? ይላል። ሥራው ላይ ያላችሁ ሰዎች የምታውቁትን ጻፉልን፤ ለሁሉም ወደብ አንድ ወሰን እንድናስቀምጥ።

«ስንት ሰው መለሰ?» አሉ።

«ትልልቆቹ መለሱ። እነሱ ራሳቸው ኮንቴይነር ላይ አይወጡም፣ እንደየድርጅቱ ውሳኔ ይሁን አሉ። ትንንሾቹ አልመለሱም። አንተም አልመለስክም። ስለዚህ ሐሳቡ እንደየድርጅቱ ውሳኔ ይሁን ተብሎ ተቀመጠ።» ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ወሰን ቢኖር ኖሮ ለዚያ ወኪል ደንቡ አይፈቅድም ትለው ነበር። አንተም ከመርከቡ ጋር አትጣላም፣ ጋሽ እንዳሻውንም አትቆጣም። ያን ቀን ብቻህን ነበርክ ጋሼ። ብቻህን መሆን ደግሞ አልነበረብህም።»

ጋሽ ኸሊፋ መነጽራቸውን አወለቁ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ወኪሉን ሲረግሙ ከርመዋል፣ እንዳሻውንም በልባቸው ሲወቅሱ ከርመዋል። እሳቸው ያልመለሱት ጥያቄ ተልኮላቸው እንደነበር ግን አያውቁም ነበር። አፈሩ። ልጅ እንዳሳፈራቸው ሳይሆን ራሳቸውን እንዳሳፈሩ ገባቸው።

አውቶቡሱ መጣ። አቶ መክብብና አቶ ፍቅረሰላም ካፖርታቸውን ቆልፈው ወረዱ።

«እንሂድ እንጂ፣ ብርዱ አይቻልም» አሉ አቶ መክብብ።

ጋሽ ኸሊፋ ለሁለቱም እጅ ነሱ። «ይቅርታ አድርጉልኝ። አንሄድም። ጥፋቱ የኔ ነው፤ በእናንተ ሽበት ልሸፍነው ነበር።»

አቶ መክብብ ሰሚያን አዩ፣ ጋሽ ኸሊፋን አዩ። «ከሠላሳ ኪሎ ሜትር አስመጥተኸኝ?» አሉ። ከዚያ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እኔስ አውቶቡሱ ውስጥ ሆኜ ጸዳለ ፊት ምን እንደምል ጨንቆኝ ነው የመጣሁት። ደግ አደረግክ።»

ሰሚያ ጉዳዩን ራሷ አልያዘችውም። «የእናቴ ጎረቤት ነህ፤ እኔ ብገባ ሦስተኛ ሽማግሌ መሆኔ ነው» አለችና ኢንግሪድ ለምትባል ባልደረባዋ አስረከበች። ኢንግሪድ በማግስቱ ለሠራተኞች ማኅበሩ ደወለች፤ በአምስተኛው ቀን አራት ሰዎች አንድ ጠረጴዛ ከበቡ። በአንድ በኩል ጋሽ ኸሊፋና ኢንግሪድ፣ በሌላ በኩል እንዳሻውና የሠራተኞቹ ተወካይ ነበሩ። ኢንግሪድ አሠሪው የሕጉን ሥርዓት እንዳልጠበቀ ራሷ ቀድማ ተናገረች፤ የተወካዩም ፊት ያኔ ፈታ አለ።

እንዳሻው ብዙ አልተናገረም። ተራው ሲደርስ ወደ ጋሽ ኸሊፋ ዞሮ በአማርኛ ጠየቀ፤ ሁለቱ ኖርዌያውያን ዝም ብለው ጠበቁ።

«ነገም አትምጣ ስትለኝ ልጆቼን አስበሃቸው ነበር?»

ጋሽ ኸሊፋ አሰብኩ ማለት ይችሉ ነበር። «አላሰብኳቸውም» አሉ። «ያሰብኩት ያንን ሰዓቱን የሚያየውን ሰውዬ ነው። በድዬሃለሁ እንዳሻው።»

እንዳሻው ዐይኑን ጠረገ። «ይሄን ቤቴ መጥተህ በሰው ፊት ብትለኝ ኖሮ አላምንህም ነበር» አለ።

የተስማሙበት በጽሑፍ ሆነ። እንዳሻው ከነሙሉ መብቱ ይመለሳል፤ ከእንግዲህ ማንም ሠራተኛ ንፋሱ በርትቷል ካለ ሥራው ይቆማል፣ ለምን ተብሎም አይጠየቅም። አራቱም ፈረሙ።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ የዚህን ጥቅም ልብ በል። ጋሽ ኸሊፋ ወዳጃቸውን አገኙ፤ እንዳሻው ክብሩን ይዞ ተመለሰ፤ ሌሎቹ ሠራተኞችም የሚሠሩለት ሰው ከንዴቱ በላይ የሚገዛው ሥርዓት እንዳለው አወቁ። ወገን ማለት ያጠፋነውን የሚሸፍንልን ብቻ ሳይሆን ጥፋታችንን ፊት ለፊት ነግሮን አብሮን የሚቆም መሆኑን ጋሽ ኸሊፋ በሃምሳ ስምንት ዓመታቸው ተማሩ። ለመማር መቼም አይረፍድም፤ ጥፋቱ ሰው ከመግደሉ በፊት ከሆነ ማለቴ ነው።

ማኅበሩ የንፋሱን ጉዳይ እንደገና ሲያነሳ ጋሽ ኸሊፋ የትንንሾቹን ድርጅቶች ቃል ይዘው ስብሰባው ላይ ተገኙ። ከአንድ ትልቅ የመርከብ ድርጅት የመጣ ሰው ወረቀት ዘርግቶ በትሕትና ተናገረ። ወሰን አያስፈልግም አለ። ባለፈው ክረምት በሰከንድ ዐሥራ ስምንት ሜትር በነፈሰበት ቀን እንኳ በወደቡ አንድም ሰው እንዳልተጎዳ መዝገቡ ያሳያል አለ።

ጋሽ ኸሊፋ እጃቸውን አወጡ። በሕይወታቸው በእንዲህ ያለ ስብሰባ ሲናገሩ የመጀመሪያቸው ነበር።

«ልክ ነው፣ ያን ቀን ማንም አልተጎዳም» አሉ። «የወጣ ስላልነበረ ነው። መጀመሪያ አልወጣም ያለው እንዳሻው የሚባል ሠራተኛዬ ነው። እኔም አባርሬዋለሁ።»