በመርከበኛው በድረዲን ይማም ለቅሶ ላይ የተተኮሰ ጥይት

የምስክር ስም፦ ወ/ሮ ኡሙሃኒ ይማም
ዕድሜ፦ 36
ሥራ፦ የእህል ንግድ
አድራሻ፦ ወሎ ክፍለ ሀገር፣ ራያና ቆቦ አውራጃ፣ ቆቦ ከተማ
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ጥር 19 ቀን 1975 ዓ.ም.
ቃል ተቀባይ፦ ሃምሳ አለቃ ይርጋ ፈንታው

በለቅሷችን ላይ ስለተፈጸመው ግድያ የማውቀውን እንድናገር ተጠይቄ የሚከተለውን ቃል ሰጥቻለሁ።

በመርከብ አደጋ የሞተው በድረዲን ይማም የእናቴና የአባቴ ልጅ፣ ታናሽ ወንድሜ ነው። በ1967 ዓ.ም. ክረምት ሮቢት አጠገብ ባለው ማሳችን ላይ፣ ከተራራ የወረደውን ጎርፍ ወደ ማሽላ ለመጥለፍ ተራው የማን ነው በሚል ከጎረቤታችን ከሰላሁዲን አራጋው ጋር ተጣላ። ሰላሁዲን በአካፋ ጭንቅላቱን ሲመታው፣ በድረዲን ጩቤ መዝዞ ሆዱን ወጋው። ሰላሁዲን እዚያው ጭቃ ላይ ሞተ። ወንድሜም በዚያው ዕለት ወደ አፋር በረሃ ወርዶ ከግመል ነጋዴዎች ጋር አሰብ ገባ።

በወደቡ ጆንያ ሲሸከም ቆይቶ በአንድ የጭነት መርከብ ሞተር ክፍል ውስጥ ተቀጠረ። ደም ስላለበት ቆቦ መምጣት አይችልም ነበር። አንድ ጊዜ ደሴ ድረስ ሄጄ አገኘሁት። ክንዱ በእንፋሎት ተቃጥሎ ቆዳው ተጨማዷል። ጅዳንም ቦምቤይንም እንዳየ ነገረኝ። ደስ አይልህም ወይ ብዬ ስጠይቀው፣ "ኡሙዬ፣ እዚያ የሚያሳድደኝ የለም፤ የሚያውቀኝም የለም። ጎብዬ ገበያ መሀል አንድ ሰው በስሜ ቢጠራኝ ይሻለኝ ነበር" ብሎ አለቀሰ።

ጥር 12 ቀን ታረቀኝ የሚባል የማላውቀው ሰው ከአውቶቡስ ወርዶ ቤታችንን ጠይቆ መጣ። እያነከሰ ነበር፤ እጆቹም ተልጠዋል። የበድረዲን የሥራ ጓደኛ መሆኑን ገልጾ፣ መርከባቸው በታኅሣሥ ወር በማዕበል ተገፍታ ቀይ ባህር ውስጥ ከድንጋይ ጋር መላተሟን ነገረን። ጎኗ ሲቀደድ ውሃው ሞተር ክፍል ገባ። የታረቀኝ እግር በወደቀ ብረት ስር ሲያዝ፣ በድረዲን ብረቱን በትከሻው አንስቶ ወደ መሰላሉ ገፋው። "ቀድመህ ውጣ፣ እከተልሃለሁ" አለው። ታረቀኝ እንደወጣ ውሃው የብረቱን በር ከኋላው ዘጋው። ታረቀኝና ሌሎች ቢታገሉም በሩን መክፈት አልቻሉም። እናቴ ወ/ሮ ሀሊሜ ሸሃዳውን ብሎ እንደሆነ ስትጠይቀው፣ "እናቴ፣ አልዋሽዎትም፤ እኔ የሰማሁት ብረቱን ሲደበድብ ነው። ኋላ ዝም አለ" አላት። እሷም "አላህ ሰምቶታል" አለችው።

ለቅሶ ተቀመጥን። በሦስተኛው ቀን እኩለ ቀን ላይ፣ ዱዓ እየተደረገ ሳለ የሰላሁዲን ወንድም እንድሪስ አራጋው ምንሽር ይዞ ግቢያችን ገባ። "ሬሳው የታለ?" አለ። ታላቅ ወንድሜ ሙሀመድሰይድ ባህር እንደወሰደው ሲነግረው፣ "ደማችንን በባህር ልታጥቡ ነው? እሱ ሌላ አገር በሕይወት ተቀምጦ፣ እናንተ በውሸት ሬሳ ልትገላገሉ?" ብሎ ጠመንጃውን በሙሀመድሰይድ ላይ ደገነ። ታረቀኝ ተነስቶ ሁለት እጁን ዘርግቶ በመካከላቸው ቆመ። "ወንድሜ፣ እኔ እዚያው ነበርኩ፤ ሞቷል" አለው። እንድሪስ "የተገዛህ ምስክር!" ብሎ ተኮሰ። ጥይቱ የታረቀኝን አንገት በጥሶ ወጣ። ደሙ ሰው በተቀመጠበት ሰሌን ላይ ፈሰሰ። ቃል ሳይናገር ሞተ።

ሙሀመድሰይድ ዘነዘና አንስቶ እንድሪስን ክንዱን ሰበረው፤ ጠመንጃውም ወደቀ። ወንድሜን ልሸፍንለት አልፈልግም፤ እንድሪስ ከወደቀ በኋላም ሁለት ጊዜ መትቶታል፣ ጥርሱንም አርግፏል። ሦስተኛውን ሲሰነዝር እናቴ በእንድሪስ ላይ ተደፋችበት። "በቃ! አንዱን ባህር በላው፤ አንተን ደግሞ ወህኒ ይብላህ?" ብላ ጮኸች። ዘነዘናው ከእጁ ወደቀ። እንድሪስ በእናቴ ስር ሆኖ የገደለው ሰው ማን እንደሆነ ጠየቀ። ወንድሜ በድረዲን ከሞት ያወጣው ሰው መሆኑን ስነግረው ፊቱን ወደ መሬት አዞረ። ፖሊሶችም መጥተው እንድሪስንም ሙሀመድሰይድንም ያዟቸው።

ታረቀኝ ክርስቲያን ስለነበር ጎረቤታችን ወ/ሮ ሸዋዬ ካህናት ጠርታ በቤተ ክርስቲያን አስቀበረችው። ከሟች ዘመድ አንድም ሰው አልነበረም።

ትናንት የሰላሁዲን ዘመዶች የላኳቸው ሽማግሌዎች ወደ እናቴ መጥተው፣ በእንድሪስ ላይ ምስክርነት ካልሰጠን የሰላሁዲን ደም እንደሚቀርልን፣ ሙሀመድሰይድም እንደሚፈታ ነገሩን። እናቴ ወደ እኔ አየች። እኔም ለሽማግሌዎቹ፣ "የሰላሁዲን ደም የእናንተ ነው፤ የፈቀዳችሁትን አድርጉ። የታረቀኝን ደም ግን ማን ሰጥቷችሁ ነው በእሱ የምታስታርቁን?" አልኳቸው። ተነስተው ሄዱ።

ወንድሜም እዚህ ጣቢያ ታስሮ እንደሚገኝ አውቄ፣ ማንም ሳያስገድደኝ ይህን ቃል ሰጥቻለሁ። ሲነበብልኝ ሰምቻለሁ፤ የተጨመረበትም የተቀነሰበትም የለም። ፍርድ ቤት ስጠራም እንድሪስና ወንድሜ ባሉበት ይህንኑ እናገራለሁ።

የምስክር የጣት አሻራ፦ ኡሙሃኒ ይማም
የቃል ተቀባይ ፊርማ፦ ሃምሳ አለቃ ይርጋ ፈንታው