እኛ ተሸካሚ ብቻ ነን

ዓመቱ ሁለት ሺህ አሥራ ስድስት ነው፤ ውጪው ዝናብ ነው። ይህን ያህሉን እኔም አውቃለሁ፣ እህቴ። ግድግዳችሁ ላይ የተሰቀለው የቀን መቁጠሪያ ግን ገና አሥራ አምስት ላይ ነው ያለው... አይ፣ አንቺን ማለቴ አይደለም። አንቺ የያዝሽው መወልወያና ወለሉን ነው። ግድግዳው የሌላ ሰው ሥራ ይሆናል።

ዝናቡ ጥሩ ነው። ከንጋት ጀምሮ አላቆመም፤ መሬቱ እስኪጠግብ ጠጥቷል። አውቶቡሱ ዋናው መንገድ ላይ ጣለኝና እስከዚህ በእግሬ መጣሁ። ጫማዬ እንዲህ የሆነው ለዚህ ነው። ሦስተኛ ፎቅ ነው ሲሉኝ ጭቃው ደረጃው ላይ ይራገፋል ብዬ ነበር። አልተራገፈም። የኛ ሰፈር ጭቃ ሰው ይወዳል።

አለቃሽ ስብሰባ ላይ ናቸው አልሽኝ? ይሁን፣ እጠብቃለሁ። መጠበቅ የገበሬ ሥራ ነው። ብቻ ስብሰባው የአንድ ሰው ነው መሰለኝ... የሚያስለው አንድ ሰው ብቻ ነው። ይህችን ሳል አውቃታለሁ። የእናታቸው ሳል ናት። ነፍሷን ይማርና እሷም መልስ ሲያጥራት ታስል ነበር። ይህ በመሃል የተገተረው ግድግዳ ከምንድን ነው የተሠራው? ስስ ነው። የኔን ድምፅ ወዲያ ያሳልፋል፣ የሳቸውን ሳል ወዲህ ያሳልፋል። መቼም ግድግዳ አይጠየቅም። እሱ ያሳልፋል እንጂ አይናገርም።

ቅድም 'ማን ልበላቸው?' ስትዪኝ ዝም ያልኩሽ ንቄሽ አይደለም። ምን ልበልሽ? አባታቸው ነኝ ብዬ የሰው ስም ላጥፋ? የተከበሩ ሰው ናቸው። በዚህ ጫማ 'አባት ነኝ' ብል ደግ አይሆንም። 'አንድ ገበሬ መጥቷል' በያቸው፤ ይበቃል።

እኔ ወሬ አልችልም። ቤቴም አይወራም ነበር። ማዕድ ከቀረበ የሚሰማው ማኘክ ብቻ ነው። አንድ ልጅ ነበረኝ፤ አንድ ቀን ሊያወራ አፉን ሲከፍት 'ጉረስ' አልኩት። አፉን የከፈተው ርቦት መስሎኝ ነው እኮ... ያ ልጅ አድጎ ምን አደረገ መሰለሽ? ሰው ሁሉ የሚያወራበት ቤት ከፈተ። በር የለው፣ መቀርቀሪያ የለው። ገበሬው፣ ነጋዴው፣ ከብት ሻጩ፣ ሥራ ፈቱ፣ ሁሉም ገብቶ ያሻውን ይጽፋል። ድረ ገጽ ይሉታል። እንግዲህ ይህ ሁሉ አፍ የተከፈተው እኔ በዘጋሁት አንድ አፍ አይደል? ሰው ሲያመሰግናቸው በሰማሁ ቁጥር 'እኔም ድርሻ አለኝ' እላለሁ። በሆዴ ነው የምለው፣ እንደ ልማዴ።

እኔም ገባሁበት። ስልኬ ላይ ፊደሉን በጣቴ እየተከተልኩ ነው የማነበው፤ አንድ መስመር እስክጨርስ በሬ አንድ ትልም ያወጣል። መጀመሪያ ያገኘሁት ማንን ነው? ራሴን። 'ያ ሽማግሌ ቃል የሚያወጣው እንደ ዘር ነው፤ በዓመት አንዴ፣ ያውም ዝናብ አይቶ' ይላል አንዱ። ሌላው ደግሞ 'አንደኛ ክፍልን እንደ ሰፈሩ ያውቃታል፤ ሦስት ዓመት ኖሮባታል' ብሏል። ውሸቱን ነው። ሁለት ዓመት ነው። 'እሱ የሳቀ ዕለት ላሞቹ ወተት ይከለክላሉ' ያለም አለ። ይህንን ያን ጊዜ ገና አላጣራሁትም ነበር።

ተናደድክ ወይ በይኝ። ለምን እናደዳለሁ? ፊቴን ይዤ መንገድ ላይ እስከወጣሁ ድረስ ስለ ፊቴ ቢወራ ምን ይደንቃል? ሰው ይናገር። ከማዕዴ ላይ ወሬ ከልክዬ ያተረፍኩትን አውቀዋለሁ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል፤ እውነት ነው፣ አልገባም። ሰውም አልገባም። እና ስለ እኔ የተጻፈውን አንሡልኝ ብዬ አልመጣሁም። ይቆይ። የልጅ ልጅ ሲኖረኝ ያነበዋል።

የመጣሁት ስለ ጎረቤቴ ነው። ችግኝ አፍልታ የምትሸጥ ሴት ናት፤ ጎመን፣ ቲማቲም፣ ቃሪያ። ባሏ ከሞተ ወዲህ የምትኖረው ከዚያችው ከደጇ የችግኝ መደብ በምታገኘው ነው። ዓመቱን ሙሉ ጎንበስ ብላ የምትጠብቀው ይህንን ዝናብ ነው። ዘንድሮ ሰማዩ ሲጠቁር አንድ ስም የሌለው ሰው ድረ ገጹ ላይ ጻፈባት። በጨዋ ቃል ነው የጻፈው። 'ወንድሞቼ፣ ለጥንቃቄ ያህል ነው፤ የዚያች ሴት ችግኝ ሥር የሚያበሰብስ በሽታ አለበት፤ ማሳችሁን እንዳትበክሉ።' ፎቶ የለ፣ ምስክር የለ፤ 'ወንድሞቼ' ብቻ። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ሲባል ነበር የማውቀው። ዘንድሮ ስም የሌለው ከስም በላይ ሲውል አየሁ።

ከዚያ ወዲህ ደጇ ላይ የቆመ የለም። ይጠይቋት የነበሩት እንኳ አጥሯን ሲያልፉ እግራቸውን ያፈጥናሉ። ችግኝ ደግሞ ይጠብቃል እንዴ? እህል ቢሆን ጎተራ ይከተታል። ችግኝ ጊዜው ሲያልፍ ይረዝማል፣ አንገቱ ይቀጥናል፣ ከዚያ ወዲያ ለማንም አይሆንም። ዛሬ ጠዋት ሳያት መደቧ አጠገብ ቆማ ዝናቡን ታያለች። ሰው በጠበቀው ዝናብ እንዲህ ሲያዝን አይቼ አላውቅም።

ለአለቃሽ ጻፈችላቸው እኮ። ከእኔ የተሻለ ትጽፋለች። ሰርዙልኝ እንኳ አላለችም። 'ጸሐፊው አንድ የበሰበሰ ችግኝ ያሳይ፤ ማሳየት ካልቻለ አንሡት' ነው ያለችው። መልስ መጣላት፤ ቶሎ ነው የመጣላት፣ በዚህ አይታሙም። 'ስለጻፉልን ከልብ እናመሰግናለን። ተጠቃሚዎቻችን ለሚጽፉት ኃላፊነቱ የራሳቸው ነው። እኛ ተሸካሚ ብቻ ነን።' እንዴት ያምራል። ደግማ እንድታነብልኝ ለመንኳት። የኔ ዝምታ መሃይም ነው፣ ፊት ያስጠቁራል፣ ሰው ያስቀይማል። የሳቸው ዝምታ ግን የተማረ ነው... እያመሰገነ ዝም ይላል። ልጅ ከአባቱ ይሻላል የሚሉት ይህንን ይሆን?

ታዲያ እኔ ምን አደረግኩ? ዕድሜዬን ሙሉ ያልተናገርኩት ሰውዬ ልናገር አልኩ። ለሁሉም ክፍት ነው አይደል? ከብቶቹን አሰርኩ፣ መነጽሬን አደረግኩ፣ ከሰዓቱን ሙሉ ጻፍኩ። 'ውሸት ነው። ችግኟን አውቀዋለሁ። የሚያድገው በኔ ላሞች እበት ነው።' ከሥሩ ስሜን ከነአባቴ ስም አኖርኩ። ነካሁት፣ ሄደ። ላብ አጥምቆኝ ነበር። ከወንበሬ ሳልነሣ መልስ መጣ። 'አስተያየትዎ ጸያፍ ቃል ስላለበት ተነሥቷል።'

እበት... ጸያፉ እበት ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ በእጄ ስዝቀው ኖሬ ጸያፍ ነው ያለኝ አልነበረም። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ይላሉ፤ እኔ ደግሞ ላም ባልዋለበት እበት ጥዬ ተገኘሁ። ብቻዬን ተቀምጬ ሳቅኩ። ማታ አንደኛዋ ላም ወተት ከለከለች። ያ ሰውዬ ለካ እውነቱን ነው።

ነገር የሚገባኝ ቆይቶ ነው። 'አንነካም፣ ተሸካሚ ነን' ሲሉ እጅ የላቸውም ብዬ አዝኜላቸው ነበር። እጅማ አለ። መጥረጊያም አለ። ጨዋው ውሸት እግሩን ዘርግቶ ተቀምጧል፣ የኔ እበት ግን ተጠርጓል። ማሽን ነው የሚጠርገው ትዪኝ ይሆናል፤ አውቶቡስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠውም እንዲሁ ብሎኛል። ይሁን። የኔ በሬ አጥር ጥሶ የሰው አዝመራ ቢበላ 'እኔ አይደለሁም፣ በሬው ነው' ብል ማን ይሰማኛል? ደግሞ ከበሬ ሁሉ እበት የሚጠየፍ በሬ ከየት አገኙ?

አባቴ 'የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ' ይል ነበር። ከባድ ቃል ነው፤ እኔ አልወደውም። ደግነቱ በኔ ላይ ቀለል ብሎ ነው የደረሰው። የወለድኩት ደህና ነው፤ ይኸው ያስላል። የጠፋው የተናገርኩት ነው።

እስቲ ቆይ፣ አንድ ጊዜ ቀና በይ። ልጠይቅሽ። ይህንን ጭቃ አንቺ ነሽ ያመጣሽው? እኔ ነኝ። ታዲያ ስገባ 'ለጫማው ኃላፊው ራሱ ነው፣ እኔ ወለል ጠባቂ ብቻ ነኝ' ብለሽ ለምን አልተውሽውም? ሰው አንሸራትቶ ይጥላል ብለሽ ነው። ደግሞ 'ጭቃ ያለበት አይግባ' ብለሽ በሩን አልዘጋሽብኝም። አስገባሽኝ፣ አየሽው፣ ጎንበስ አልሽ። አንደኛ ክፍል ላይ ብዙ የቆየሁ ሰው ነኝና ከዚህ የጠለቀ አይገባኝም። እሳቸው የሚያስቡት ግን ሰፊ ነው። ወለላቸው እንዲህ ማብራቱስ? ፊቴን አየሁበት፤ ወዲያው ቀና አልኩ እንጂ።

ተሸካሚ ሲሉ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ያች ጎረቤቴም ድሮ ተሸካሚ ነበረች። እናቱ አልጋ ይዛ የተኛችበት አንድ ሕፃን ነበር፤ ከሰው ጀርባ ላይ ካልሆነ እንቅልፍ የማይወስደው። እኔ ማዘል አላውቅበትም፤ እኔ ሳዝለው ልጅ ሳይሆን የተሰረቀ ጆንያ ነው የሚመስለው። እሷ ችግኟን እያጠጣች፣ አረሟን እየነቀለች፣ ከጀርባዋ አላወረደችውም። ሕፃን ደግሞ ታውቂያለሽ... ቃሉን አልናገርም፣ ማሽኑ ያነሣብኛል። ጀርባዋ ርሶ፣ ቀሚሷን አልፎ እስከ ተረከዟ ሲወርድ አይቻለሁ። አንድ ቀን እንኳ 'ይህ ከኔ የወጣ አይደለም፣ እኔ ተሸካሚ ብቻ ነኝ' ስትል አልሰማሁም። አጥባ፣ አድርቃ፣ መልሳ ታዝለው ነበር። ያ ሕፃን ዛሬ ትልቅ ሰው ሆኗል ይባላል። ሰው ሁሉ ያከብረዋል። በማን ጀርባ ታዝሎ እንዳለፈ ግን... ማን ይጠይቀዋል?

ሳሉ ቆመ። ሰማሽው? ወንበርም የተንቀሳቀሰ መሰለኝ። አይ፣ ተዪ፣ አታንኳኪባቸው። ሥራ ላይ ናቸው። መልስ አልፈልግም። ለልጁ መልስ ሰጥቶ የማያውቅ ሰው ምን ዓይን ኖሮት መልስ ይጠይቃል? ይህንን ያህል ማውራቴም የሚመጣውን ዓመት ቃል አስቀድሜ ጨርሼ ነው።

እዚህ ቁጭ ብዬ ወሰንኩ። ዋናው መንገድ ዳር፣ አውቶቡስ ሁሉ የሚያልፍበት፣ አንድ ማሳ አለኝ። ለስንዴ አርሼው ነበር፤ ስንዴው ይቅር። የጎረቤቴን ችግኝ እንደ ማንኛውም ገዢ ገዝቼ፣ ከሰዓት ተመልሼ ሳይመሽ መትከል እጀምራለሁ። ሰሌዳም አቆማለሁ። 'ችግኙ የሷ ነው፣ የተከልኩት እኔ ነኝ' ብዬ ስሜን ከነአባቴ እጽፍበታለሁ። ከበሰበሰ በሰው ፊት ይበሰብሳል፤ ስሜም አብሮት ይበሰብሳል። ካልበሰበሰ የሚያልፈው ሁሉ ዓይን አለው። የኔ ገጽ ያች ማሳ ናት። ከታች 'እበት' የምትለዋን በትልቁ እጽፋታለሁ፤ እዚያ የሚያነሣት የለም።

በይ ያንን መወልወያ ወዲህ በይ። አይሆንም፣ ወዲህ በይው። ጭቃው የኔ ነው... እንዲህ ነው የሚያዝ? በእጄ ሲሆን ማረሻ መሰለ። ይኸው። እዚያች ጥግ ትንሽ ቀረች። የሳቸውም በር ሥር ደርሷል፤ እንደው ወለሉን ብቻ ነው የምነካው፣ በሩን አልነካም። ይኸው ጠራ።

እንግዲህ ልሂድ፣ ዝናቡ ሳያባራ። ሲወጡ 'አንድ ገበሬ መርቆዎት ሄደ' በያቸው። ምርቃትም አልችልበትም፤ ግን እንዲህ በያቸው። ዕድሜ ይስጣቸው። ስማቸውን ከፍ ያድርገው። የተናገሩትም የወለዱትም አይጥፋባቸው። ልጅ ሲወልዱ ደግሞ፣ አደራ ይህችን እንዳትረሺ፣ ደግ ጎረቤት ይስጣቸው፤ ልጃቸውን በጀርባዋ አዝላ የምታሳድግላቸው... ድረ ገጻቸውን አንብባ የማታውቅ።