ለክብር የተቀነሰ ሁለት ሺህ ብር

ወሬ አቀባይ ይሉኛል፤ ይበሉኝ። ዝም ብል ኖሮ ወንድሜ አያሌው በበቅሎ ንግድ ዕድሜውን ሙሉ ያጠራቀማት ጥሪት እንደ ዋዛ ሄዳ ነበር። ከይጁቤ ደብረ ማርቆስ ሰው ላመላልስ ብሎ የጎረቤቴን የግራዝማች አድማሱን መኪና ሊገዛ መጣ። እኔ ስደርስ ግራዝማች የመኪናውን የዋጋ ወረቀት ዘርግተው፣ «አዲሱን በዘጠኝ ሺህ ነው የገዛሁት። ዓመት ነድቼዋለሁና በስምንት ውሰደው» ይሉታል። እሱም እጁን ወደ ኪሱ ሰዷል።

«ግራዝማች» አልኳቸው፣ «መኪናው ጠበል የተረጨ ለት ‹የአዲስ አበባው ሻጭ ለክብሬ ሲል ሁለት ሺህ ቀነሰልኝ› ብለውን አልነበረም?»

ፊታቸው ጠቆረ። «እሱ ለእኔ የተቀነሰ ነው። ክብሬንም አብሬ ልሽጥለት?»

«ክብርዎን ያኑሩት። ግን ያው ሻጭ ለደብረ ኤልያሱ ማር ነጋዴም ሁለት ሺህ ቀንሶለታል። አዲሱ ለማንም ሰባት ሺህ ከሆነ፣ ያሮጌው ዋጋ ከሰባት ወደ ታች ነው።»

«ሴት ስለ መኪና ምን ታውቃለች?»

«ስለ መኪናስ አላውቅም። ከእርስዎ ጋር ግን አጥር ለአጥር ስንኖር ስንት ዘመናችን ነው።»

አያሌው እጁን ባዶውን ከኪሱ አወጣ። ሲከራከሩ ውለው በስድስት ሺህ ተስማሙ። ግራዝማች ከዚያ ወዲህ ሰላምታ ነሥተውኛል። እኔ ግን በገበያ ቀን ጋቢና ከወንድሜ ጎን ተቀምጬ በደጃቸው ሳልፍ፣ አንገቴን በመስኮቱ ብቅ አድርጌ «እንደምን ዋሉ» እላቸዋለሁ።