ያልቸኮለው ሰው

እንኳን በደህና መጣሽ፣ እህቴ! ዕረፍቱ ተስማምቶሻል፤ ፊትሽ እኮ ወዝ አወጣ። ነይ ተቀመጪ፣ ሻዩ ሳይቀዘቅዝ ጠጪ... ኧረ ዞር አትበይ! ከኋላሽ ያለው ሰው ስልኩን ይነካካ።

እኛማ ደህና ነን። አንቺ በሌለሽበት ማዋለጃ ክፍላችን ስፖርት ሲሠራ ሰነበተ። አንዲት እናት በሰላም ከተገላገለች በኋላ ደሙ አልቆም አለ። ሐኪሙ «የደም ዓይነቷን ቶሎ!» ይላል፤ ኮምፒውተሩን ብነካው ድርቅ። የላቦራቶሪው ድርቅ፣ የመድኃኒት ቤቱም ድርቅ። ኮምፒውተሮቹን ለሚጠብቅልን አንድ ሰው ደወልኩ... ጠራ... ጠራ... ስብሰባ ላይ ይሆናላ! ትልቅ ሰው መቼ ሥራ ያጣል?

ናሙናዋን ይዤ ደረጃውን ወርጄ ሮጥኩ፤ የላቦራቶሪ ልጆቹ እንደ ድሮው በእጃቸው መረመሩ። ባልየው ኮሪደሩ ላይ ክንዴን ይዞ «እትዬ፣ ትተርፍልኛለች?» ይለኛል። ምን ልበለው? ማሽኑን ጠይቅ ልበለው? ብቻ ተመስገን፣ ደሙ ደረሰላት፤ ተረፈች። እኔ ግን ልብስ መቀየሪያ ክፍል ገብቼ፣ በሩን ቆልፌ አለቀስኩ። አንቺ ደግሞ፣ አታልቅሺብኝ... አልፏል እኮ።

በኋላ ከውጭ የተጠራችው ባለሙያ አስረዳችን። ኮምፒውተሮቹ ሁሉ የሚሠሩበት ዋናው ማሽን በኔትወርክ የሚመጣለትን መልእክት የሚቀበልበት ቦታ ላይ ክፍተት አለው አሉ። ማንም ጥጋበኛ ከሩቅ ሆኖ የተበላሸ መልእክት ከላከበት ይደነዝዛል። ሌባ አይገባም፣ የሚሰረቅ የለም፤ ብቻ ማንም ቢጠራው «አቤት» አይልም። ይህን ጠባይ ከማን እንደ ወረሰ... አልጠየቅኋትም። ነውር ነው።

ማስተካከያውማ ከወጣ ቆይቷል። ማሽኑ ራሱ «ልጫነው ወይ?» እያለ ሲለምን ከርሟል፤ አንድ ጨዋ ሰው ደግሞ «በኋላ» የምትለዋን ሲነካ። ስንፍና እንዳይመስልሽ! የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባል የለ? እሱ አልቸኮለም፤ ስለዚህ ለቃሚዎቹ እኛ ሆንን። ደግሞ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚሉት ሐሰት ነው። የኛው መቼ ጮኸ? ድምፁም አልተሰማ! «ስልኬ ድምፁ ጠፍቶ ነበር» አለና አለቀ። እንዲህ ያለ ዝምተኛ ከየት ይገኛል?

ቀስ በይ ትይኛለሽ? ለምን? እያመሰገንኩ አይደል እንዴ? በዚህ ዘመን እንቅልፍ የማያጣ ሰው ማየት ራሱ ጤና ነው።

ሻይሽን ጨርሺ፣ ተረኛ ነኝ፤ ልነሣ። አንድ ወንድ ልጅ አለው አሉኝ፤ መልኩም አመሉም ቁርጥ አባቱን። እሰይ! ያሳድግለት። ዕድሜና ጤና ሰጥቶት፣ ያኔ ጉልበቱ ሲደክም፣ ከአልጋው ሆኖ «ልጄ» ብሎ ሲጠራው... ያ ልጅ ቁርጥ አባቱን ሆኖ ይጡረው።