የዘይነባ ዜሮ

በእኛ ጊዜ ቮልት ማለት ሁለት መቶ ሃያ ነበር፤ አበቃ! መጽሐፉ ካለ አለ ነው። እኔም ጊምቢቹ ያን ሁሉ ዓመት ፊዚክስ ሳስተምር ሌላ ቁጥር ሰሌዳ ላይ ጽፌ አላውቅም።

ታዲያላችሁ ጡረታ ወጣሁና እዚህ ሆሳዕና ዳር ገባን፣ እና ባለቤቴ «እስከ መቼ በጭስ ታንጨረጭረኛለህ?» ስትለኝ መናኸሪያው አጠገብ ካለ ሱቅ የኤሌክትሪክ ምድጃ ገዛሁላት። ሁለት ሺህ ሁለት መቶ ዋት ይላል ጀርባው። እኔም ኮራ ብዬ «ዋቱ ለቮልቱ ሲካፈል አሥር አምፔር! ቮልቱ ለአምፔሩ ሲካፈል ሬዚስታንሱ ሃያ ሁለት ኦም!» አልኳት። «ኦሙን ተወውና ጎመኑ ይበስላል ወይ?» አለችኝ።

አልበሰለም! የባለቤቴ የጸሎት ቡድን ለምሳ እኛ ቤት የመጣበት ቀን ነው፣ ሰው ተቀምጧል፣ ጎመኑ ጥሬውን ያየናል። ባለቤቴ አፍራ ጓዳ ቀረች። ድስቱ አልፈላ ሲል የእኔ ደም ፈላ፣ እና በማግስቱ ምድጃውን ታቅፌ፣ ባጃጅ ይዤ፣ ሱቁ ገብቼ፣ ደንበኛው ሁሉ እየሰማ ባለሱቋን «አንቺ ሌባ! ግማሽ ምድጃ ሸጥሽልኝ!» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝና «ቲቸር፣ አላወቁኝም? ዘይነባ ነኝ፣ የጊምቢቹዋ ተማሪዎ» አለች። እና ምድጃውን ሰክታ መለኪያውን አሳየችኝ፤ ሁለት መቶ ሃያ ቮልት፣ አሥር አምፔር። ምድጃው ወዲያው ቀላ። «በሉ ቤትዎ ሄደን እንለካው» ብላ ሱቋን ዘጋች። ሌባ ያልኳት ልጅ እኮ ናት!

ቆጣሪያችን መንገድ ዳር ነው፣ ከዚያ በእንሰቱ መሃል ቀጭን ሽቦ ወደ ቤት ይመጣል፣ እና ሦስት ጎረቤት ከዚያው ሽቦ ላይ ቀጥሏል። መብራት ለጎረቤት ይከለከላል እንዴ? አይከለከልም። ታዲያ ምድጃውን አብርታ ብትለካው መቶ ሃምሳ አራት ቮልት! አምፔሩ ሰባት!

«አሁን ያካፍሉት» አለችኝ።

አካፈልኩት፤ ሃያ ሁለት። ያው ሃያ ሁለት ኦም!

«ምድጃው አልተለወጠማ፣ ቲቸር። አሁን ያባዙት።»

ሳባዛው አንድ ሺህ ሰባ ስምንት ዋት፤ ግማሹም አልሞላ! ቮልቱ ሲወርድ አምፔሩንም ይዞት ይወርዳላ። ቮልቱን መንገድ ላይ የሚሰርቀው ሌባ የእኔው ቀጭን ሽቦ ኖሯል።

«ይሄን እኮ ፈተና ላይ ጠይቀውን ነበር» አለች። «‹የምድጃው ኃይል ስንት ነው?› ሲሉ፣ ‹እኛ ቤት መብራቱ ስለሚደክም መጀመሪያ ቮልቱ ይለካ› ብዬ ጻፍኩ። ዜሮ ሰጡኝ። ለክፍሉም አንብበው አሳቁብኝ።»

አስታወስኩት። እኔም ስቄ ነበር። አፈርኩ፣ ልጆቼ፣ ከልቤ አፈርኩ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም፣ እኔ ደግሞ ሁለት ጊዜ ነው የበደልኳት።

ወፍራም ሽቦ አስገባሁና ቀይ እስክሪብቶ ይዤ ሱቋ ሄድኩ፣ ደንበኛ እስኪሞላ ጠበቅሁ፣ እና «ይቺን ልጅ ሌባ ያልኳት ተሳስቼ ነው!» ብዬ ጮኽኩ። ከዚያ ወረቀት አስመጥቼ «አሥር ከአሥር» ጻፍኩና ፈረምኩላት።

ወረቀቱን ገልበጥ ገልበጥ አድርጋ አየችውና «ይሄ የፈተናው ነው፣ ቲቸር። የሌባውስ?» አለችኝ።

«ለሌባውማ እኛ ቤት መጥተሽ ጎመን ትበያለሽ!»

«እሺ እመጣለሁ» አለች፣ «መለኪያዬን ይዤ ነው ግን!» ሃሃሃ!