ማንጎ የከለከሉኝ እናት

አሶሳ ገበያ ማንጎ ልገዛ ጎንበስ ስል፣ ባለ ማንጎዋ እናት ቅርጫታቸውን በሻርፓቸው ሸፈኑብኝ። «አንተ የቲም ልጅ ከቤት ያባረረ ሰውዬ ነው! ወላሂ አልሸጥም!» አሉኝ በአካባቢያቸው አማርኛ። ወላጅ አልባ ልጅ ያባረርኩት በፊልም ነው እኮ። ሠላሳ ዓመት በመድረክም በፊልምም ያልሆንኩት ክፉ ሰው የለም። ዩኒቨርሲቲ ቴአትር ተምሬ እንደወጣሁ፣ በአንድ ቴአትር ላይ ሴት ልጁን ይቅርታ የሚለምን አባት ልሆን ስለማመድ ከርሜ፣ አዘጋጁ ቦታውን ለአማቹ ሰጠና እኔን ቀማኛ አደረገኝ። በዚያው ቀረሁ። ንዴቱ ዛሬም አልወጣልኝም።

«እናቴ፣ ትወና እኮ ነው!» ብላቸው፣ «ይቅርታ በል!» አሉኝ። ገበያተኛው ከበበን። ተንበረከክሁና ያን የተነጠቅሁትን የአባት ንግግር ጀመርኩ። «ልጄ፣ በሩን ስዘጋብሽ ቤቱ በእኔ ላይ ጨለመ…» እስከ መጨረሻው አንድ ቃል አልጠፋኝም። ገበያው በእልልታ ቀለጠ። እናትየዋ እንባቸውን ጠረጉና ትልቁን ማንጎ መርጠው እጄ ላይ አስቀመጡ።

«ታዲያ ይሄን ነገር ፊልም ውስጥ ለምን አልተናገረም?» አሉኝ።

«አልሰጡኝማ፣ እናቴ!» ብዬ ጮህኩ። ይህን የሚጠይቀኝ ሰው ስንት ዘመን ስጠብቅ ኖሬ! ማንጎውን እዚያው ገመጥኩት፤ ጭማቂው በአገጬ እየወረደ እንደዚያ ቀን ስቄ አላውቅም።