በዚሁ እጅ

ከሸዋሮቢት ስንነሳ ሚኒባሱ ውስጥ እንደ ምድጃ ይግል ነበር። ከፊቴ የተቀመጡት እናት ግን ሁለቱንም እጃቸውን በነጠላ ጠቅልለዋል። አጠገባቸው ያለችው ወጣት አላስቻላትም።

«እትዬ፣ በዚህ ሙቀት?»

«ሶሪያሲስ የሚሉት የቆዳ በሽታ ነው ልጄ። የሰውነቴ ዘበኛ ጠላት መስሎት የገዛ ቆዳዬን ይወጋዋል አሉኝ። ጀውሃ ምግብ ቤት ነበረኝ፤ ሾፌሮቹ እጄን እያዩ ሲሸሹ ዘጋሁት።»

«እኔ እኮ የምማረው ይህንኑ ነው! ቆዳችን ላይ ተቀባይ የሚባሉ ትንንሽ በሮች አሉ። ሲከፈቱ ያንን ዘበኛ ያረጋጉት ይሆናል ተብሎ እየተጠና ነው።»

«በምን ይከፈታሉ?»

«ሰውነታችን የራሱን ቁልፍ ይሠራል። እሱን የሚመስል ደግሞ ካናቢስ ውስጥ አለ።»

«አሺሽ? በስመ አብ! ቀቅዬ ልታጠብበት ነው?»

«ኧረ እንዳያደርጉት! የሚፈለገው ጭንቅላት ሳያዞር ቆዳውን የሚያክም ነው። ገና መድኃኒት አልሆነም።»

«አይ ፈጣሪ! ቁልፉን እዚሁ እኔው ውስጥ አስቀምጦት ኖሯል? እናንተስ ብትሆኑ፣ ይህንን በምን ዓይናችሁ አያችሁት?»

«ስንቱ ሰው ደክሞበት ነው እትዬ። ደግሞ በሽታው ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ዛሬ ጀውሃ ወርጄ ሽሮ ይሠሩልኛል?»

«በዚህ እጅ?»

«በዚሁ እጅ።»

እናት ነጠላውን ፈቱት፤ ጀውሃ ስንደርስም ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ።

«ወራጅ አለ!»

ከጀውሃ አልፌ ካራቆሬ ወራጅ የነበርኩት እኔም ተከትያቸው ወረድኩ።